የሒሳብ ክለሳ የሚጀምረው ደብተር ሲዘጋ ነው

የሒሳብ ፈተና ሲቃረብ አብዛኛው ልጅ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ይገልጥና ማንበብ ይጀምራል። የተሰመረበትን እንደገና ያሰምርበታል። የተሠራውን ምሳሌ መስመር በመስመር በዓይኑ ይከተላል። ሁሉም ትክክል ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል። "እሺ፣ ገብቶኛል" ይልና ገጹን ያዞራል። እስከ መጨረሻው ገጽ እንዲሁ። ፈተናው ላይ ያው ጥያቄ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሮ ሲመጣ ግን እርሳሱ ይቆማል።

ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። የእህቶቼና የወንድሞቼ ልጆች 7ኛና 8ኛ ክፍል ሲደርሱ ከፈተና በፊት አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ሙያዬ ማስተማር አይደለም። ሒሳብ ግን እወዳለሁ፤ ያንን ፍቅር ልጆቹ ላይ ለማጋባት የማገኘው ጥሩ አጋጣሚም ይህ የክለሳ ሰሞን ነው። ፈተና ስላለ ያዳምጡኛል።

አብሬያቸው በተቀመጥኩ ቁጥር የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። የዚህ ዕድሜ ሒሳብ ከላይ ሲያዩት ብዙ ነው። የምዕራፉ ርዕስ ራሱ ያስደነግጣል፦ ክፍልፋይ፣ አስርዮሽ፣ ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ ኔጌቲቭ ቁጥር፣ እኩልታ፣ ርቢ፣ ዳግም ዘር፣ ስፋትና ይዘት፣ አማካይ። ልጁ ይህን ሁሉ በሦስት ቀን እንዴት እጨርሳለሁ ብሎ ይጨነቃል። ሥራዬ ብለን ስንፈትሸው ግን ስህተቶቹ የሚመነጩት ከጥቂት ቦታ ነው። ክፍልፋይን እንደ አንድ ቁጥር አለማየት፣ የመቀነስ ምልክቱን መፍራት፣ የእኩል ይሆናል ምልክቱን በተሳሳተ መንገድ ማንበብ። እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ የቀረው አብሯቸው ይቃናል። ስለዚህ ሁሉንም ገጽ እኩል መከለስ ትክክል አይመስለኝም። ጊዜው ሥሩ ላይ ይዋል።

በመጀመሪያ ግን ደብተሩ ይዘጋ። ይህን የምለው እንዲያው ደስ ስላለኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደረገ። ከፊሎቹ ያንኑ ጽሑፍ ደግመው አነበቡት። ሌሎቹ ወረቀቱ ተወስዶባቸው የሚያስታውሱትን ሁሉ ከራሳቸው እያወጡ ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከራሳቸው ያወጡት በለጡ።

እኔ ከዚህ ሙከራ ይበልጥ ልብ የምለው የመጀመሪያውን ውጤት ነው። ደግሞ ማንበብ ለ5 ደቂቃ ይሠራል። ለዚያም ነው ልጁ ያነበበውን የሚያምነው። ገጹ ከፊቱ ስላለ፣ ምሳሌው ገና ዓይኑ ላይ ስላለ፣ በእርግጥም የሚያውቀው ይመስለዋል። አይዋሽም። ግን ያ እውቀት ያለው ገጹ ላይ ነው፤ እሱ ጋ ገና አልደረሰም።

ስለዚህ ባዶ ወረቀት እሰጣቸዋለሁ። "ስለ ክፍልፋይ የምታውቁትን ጻፉ።" ያጉረመርማሉ። "ጋሼ፣ ይሄኛው ገብቶናል፣ እንለፈው" ይላሉ። አንለፈውም። ከገባችሁ ቶሎ ትጽፉታላችሁ፣ ካልገባችሁ ደግሞ ክለሳችን የሚጀምረው ከዚሁ ነው እላቸዋለሁ።

ክፍልፋይ ላይ ረጅም ጊዜ እቆያለሁ፤ እዚህም ልቆይ። ብዙ ልጅ 3/4ን ሁለት ቁጥር አድርጎ ነው የሚያየው። ላይ 3፣ ታች 4፣ መሐል መስመር። እንዲህ ለሚያይ ልጅ 1/2 + 1/3 ሲመጣ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ መደመር ፍጹም ተፈጥሯዊ ነው። 2/5 ይላል። "ተሳስተሃል፣ የጋራ ታህት ፈልግ" ቢሉት ይፈልጋል፤ ደንቡን ይሸመድዳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ተመልሶ 2/5 ይላል። ምክንያቱም 2/5 ለምን ስህተት እንደሆነ ማንም አላሳየውም።

እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። "2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?" ትንሽ ያስባል። ያንሳል። "ታዲያ ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ አነሰ?" እዚህ ላይ ፊታቸው ሲለወጥ ማየት እወዳለሁ። ደንብ ስለጣሱ የተቆጣቸው ሰው የለም፤ ቁጥሩ ራሱ እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ የጋራ ታህት ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት ቀላል ነው። ግማሽና ሲሶ መጠናቸው ስለሚለያይ ዝም ብሎ አይቆጠሩም። ሁለቱንም ወደ ስድስተኛ ስንለውጣቸው 3/6 እና 2/6 ይሆናሉ። አሁን አንድ ዓይነት ናቸው። አምስት ስድስተኛ።

ማካፈሉም እንደዚሁ ነው። "ሁለተኛውን ገልብጠህ አባዛ" የሚለውን ደንብ የማያውቅ የለም። ለምን እንደሚገለበጥ የሚያውቅ ግን እምብዛም አይገኝም፤ ትልልቅ ሰዎችም ጭምር። ከቀላሉ እንጀምር። 3 ÷ 1/2 ማለት በ3 ውስጥ ስንት ግማሽ አለ ማለት ነው። 6። 3/4 ÷ 1/8 ማለት በ3/4 ውስጥ ስንት 1/8 አለ ማለት ነው። 3/4 ማለት 6/8 ስለሆነ፣ 6። እስካሁን ምንም አልገለበጥንም።

አሁን 3/4 ÷ 2/3ን እንይ። 12 ÷ 4 እና 24 ÷ 8 መልሳቸው አንድ ነው፤ ተካፋዩንና አካፋዩን በአንድ ቁጥር ብናባዛ ውጤቱ አይነካም። እንግዲያው አካፋዩን 1 የሚያደርግልንን ቁጥር እንምረጥ። 2/3ን 1 የሚያደርገው 3/2 ነው። ሁለቱንም በ3/2 እናባዛ። አካፋዩ 1 ሆነ፤ በ1 ማካፈል ደግሞ ምንም አይለውጥም። የቀረን 3/4 × 3/2 ነው፤ 9/8። ያ የተገለበጠው ክፍልፋይ ከዚህ ነው የመጣው። ይህን አንዴ በእጁ ሠርቶ ያየ ልጅ "የመጀመሪያውን ነው የምገለብጠው ወይስ ሁለተኛውን?" ብሎ ፈተና ላይ ሲጨነቅ አላየሁም።

በዚህ ያህል ስለ ክፍልፋይ ማውራቴ አይብዛባችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በአሜሪካና በእንግሊዝ ልጆች ላይ ያየውን ልንገራችሁ። ልጆቹ በ10 ዓመታቸው ገደማ ስለ ክፍልፋይና ስለ ማካፈል ያላቸው እውቀት፣ ከአምስትና ስድስት ዓመት በኋላ አልጀብራ ላይ የት እንደሚደርሱ ይጠቁም ነበር። የቤተሰብ ገቢና የልጁ የማሰብ ችሎታ ታሳቢ ከተደረጉ በኋላም ጭምር። ለክለሳ ሦስት ቀን ብቻ ያለው ልጅ አንዱን ቀን ለክፍልፋይ ቢሰጥ አያባክነውም።

ወደ መቀነስ ምልክቱ ልለፍ። ኔጌቲቭ ቁጥር የሚያስፈራው ልጅ ደካማ እንዳይመስለው አጥብቄ እነግረዋለሁ። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የኖረው ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ዲዮፋንተስ እንደ 4ሀ + 20 = 4 ያለ ጥያቄ ትርጉም የለሽ ነው ብሎት ነበር። መልሱ −4 ስለሚመጣ። እ.ኤ.አ. በ628 ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ብራህማጉፕታ ግን ፖዘቲቩን ሀብት፣ ኔጌቲቩን ዕዳ ብሎ ሰየመና የመደመር፣ የመቀነስና የማባዛት ሕጎቻቸውን ጻፈ። ዕዳ ሲነሳለት ሰው ይጠቀማል፤ ስለዚህ 5 − (−3) = 8። ልጆቹ ይህን ወዲያው ይቀበሉታል።

የሚያስቸግረው ማባዛቱ ነው። ኔጌቲቭ ሲባዛ በኔጌቲቭ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል? "ሕጉ ነው" የሚል መልስ አልወድም። ይህን እንዲጽፉ አደርጋለሁ፦ 3 × (−2) = −6። 2 × (−2) = −4። 1 × (−2) = −2። 0 × (−2) = 0። ወደ ታች ስንወርድ መልሱ በየደረጃው በ2 ይጨምራል። ቀጣዩ (−1) × (−2) ነው። መልሱ 2 ካልሆነ ሥርዓቱ ይፈርሳል። አንድ ጊዜ የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ ስትደርስ እርሳሷን አስቀምጣ "ታዲያ ይሄ እኮ ሌላ ሊሆን አይችልም!" አለች። እንዲህ ያለ ቃል ስሰማ ደስታዬ ልክ የለውም።

እዚሁ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ፈተና አውጪዎችም ይወዱታል። −3² እና (−3)² አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው −9፣ ሁለተኛው 9። ርቢው የሚይዘው አጠገቡ ያለውን ብቻ ነው፤ ምልክቱንም እንዲይዝ ከተፈለገ ቅንፍ ያስፈልጋል። እንዲሁም ከቅንፍ በፊት መቀነስ ሲኖር፣ ለምሳሌ 10 − (ሀ − 4)፣ ምልክቱ በቅንፉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይነካል። 10 − ሀ + 4። ነጥብ የሚጣልበት ይህ ነው፤ ቀን ተወስኖለት ሊሠራ ይገባል።

ሦስተኛው የእኩል ይሆናል ምልክት ነው። ይሄ ደግሞ ማንም የማይከልሰው ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው ስለሚመስለው። እስቲ ለአንድ ልጅ 8 + 4 = ☐ + 5 ብላችሁ ስጡት። ብዙ ልጆች ባዶው ቦታ ላይ 12 ይጽፋሉ። አንዳንዱ 17 ይላል። ትክክለኛው 7 ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ምልክቱ ሁሌም መልስ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ስለተቀመጠ "አሁን መልሱን ጻፍ" የሚል ትእዛዝ መስሏቸው ቀርቷል።

ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ1557 ያስተዋወቀው ሮበርት ሬኮርድ የተባለ የዌልስ ሰው ነው። "እኩል ነው" የሚለውን ደጋግሞ መጻፍ ስለሰለቸው ሁለት ትይዩ መስመሮችን መረጠ፤ ከእነሱ በላይ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ። ምልክቱ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ግራና ቀኙ አንድ ናቸው። 2ሀ + 3 = 11 ላይ ከሁለቱም ወገን 3 የምንቀንሰው፣ ከዚያ ሁለቱንም በ2 የምናካፍለው ይህ እኩልነት እንዳይፈርስ ነው። "3ቱ ወዲያ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል" የሚለውን አባባል ልጆች ይወዱታል፤ ቶሎ ያደርሳል። እኔ ግን ክለሳ ላይ አልቀበለውም። ምንም ነገር አይሻገርም። 2ሀ = 8 ላይ ሲደርስም ያው ልጅ 2ቱን ምልክቱን ቀይሮ ወዲያ አሻግሮ 8 − 2 የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞ እኩልታ ራሱን የሚያርም ጥያቄ ነው። ሀ = 4 ካለ፣ መልሶ ይተካው። 2 × 4 + 3 = 11። ልጁ ፈተና ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ መልሱ ትክክል መሆኑን ማወቅ ይችላል። ስንት ትምህርት ነው እንዲህ ያለ ዕድል የሚሰጠው? ይህን ሳያደርጉ ወረቀት የሚመልሱ ልጆች ያሳዝኑኛል።

ከርቢና ከጂኦሜትሪ አንድ ነገር ብቻ ልምረጥ። (3 + 4)² ስንት ነው ስንላቸው 9 + 16 ደምረው 25 የሚሉ ብዙ ናቸው። ትክክሉ 7² = 49 ነው። 24 የት ጠፋ? ጎኑ 7 የሆነ ካሬ ይሣሉ። እያንዳንዱን ጎን 3 እና 4 ብለው ይክፈሉትና በውስጡ መስመር ያስምሩ። ስፋቱ 9 የሆነ አንድ ካሬ፣ 16 የሆነ ሌላ ካሬ ይወጣል። በተጨማሪ 3 በ4 የሆኑ ሁለት ሬክታንግሎች አሉ፤ 12 እና 12። የጠፋው 24 እነሱ ናቸው። 25 ራሱስ? እሱም ከንቱ ቁጥር አይደለም። ቀጥታ ማዕዘን ያለው ጎነ ሦስት ሁለቱ አጫጭር ጎኖቹ 3 እና 4 ከሆኑ፣ ረጅሙ ጎን ላይ የሚሠራው ካሬ ስፋት 25 ነው፤ ጎኑ 5። ይህ የፓይታጎረስ ቴዎረም ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልጁ ሁለቱን ዳግመኛ አያምታታም።

የክብ ነገርም አለ። 2 × ፓይ × ሬዲየስ ዙሪያው ነው ወይስ ስፋቱ? ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። ክቡን ከወረቀት ቆርጠው ወደ 16 ቀጫጭን ቁራጮች ይከፋፍሉት፤ ቁራጮቹን አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች እያደረጉ ይደርድሩ። ሬክታንግል የሚመስል ነገር ይወጣል። ቁመቱ ሬዲየሱ ነው። ርዝመቱ የዙሪያው ግማሽ፣ ፓይ × ሬዲየስ ነው። ሲባዙ ፓይ × ሬዲየስ × ሬዲየስ። ስፋቱ ይኸው። ወረቀት መቁረጥ የትንንሽ ልጆች ሥራ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም።

ፐርሰንት ላይ ብዙ አልቆይም። አንዷ ጥያቄ ትበቃለች። 100 የነበረ ነገር በ20 ፐርሰንት ጨመረ፣ ከዚያ በ20 ፐርሰንት ቀነሰ። ወደ 100 አይመለስም። 120 ሆነ፣ ከ120 ላይ 24 ተቀነሰ፣ 96። ሁልጊዜ "የምን 20 ፐርሰንት?" ብሎ መጠየቅ ነው። አስርዮሽ ላይ ደግሞ 0.35 ከ0.8 ይበልጣል የሚል ልጅ ካለ፣ 0.8ን 0.80 ብሎ ይጻፈው።

አሁን ስለ አሠራሩ። የመልመጃ ወረቀቶች አብዛኛውን ጊዜ በምዕራፍ የተደረደሩ ናቸው። ሃያ የስፋት ጥያቄ፣ ከዚያ ሃያ የእኩልታ ጥያቄ። ልጁ ከሦስተኛው በኋላ ማሰብ ያቆማል፤ የትኛውን ቀመር እንደሚጠቀም ርዕሱ ነግሮታል። ፈተና ላይ ግን ርዕስ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ሙከራ የኮሌጅ ተማሪዎች የአራት ያልተለመዱ ቅርጾችን ይዘት ማስላት ተማሩ። ከፊሎቹ በየቅርጹ ተራ በተራ ተለማመዱ፤ ሌሎቹ አራቱን አደባልቀው። ልምምዱ ላይ በተራ የሠሩት 89 ፐርሰንት፣ አደባልቀው የሠሩት 60 ፐርሰንት አገኙ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን በተራ የሠሩት ወደ 20 ፐርሰንት ወረዱ፤ አደባልቀው የሠሩት 63 ሆኑ። ይህን ለወላጆች ስነግራቸው 60 የሚለው ያስጨንቃቸዋል። ልጃቸው ቤት ውስጥ ሲሳሳት ማየት አይፈልጉም። እኔ ግን ስህተቱ ከፈተናው በፊት፣ ማረም በሚቻልበት ሰዓት ይምጣ ባይ ነኝ። ስለዚህ ከየምዕራፉ ጥያቄ እየቆረጥን እናደባልቃለን። አንድ ጥያቄ ሲነሳ መጀመሪያ የምጠይቀው መልሱን አይደለም። "ይሄ ስለምን ነው የሚጠይቀው?" እላለሁ። እሱን ከመለሱ የቀረው ስሌት ነው።

የተሳሳቱትን ጥያቄም ዝም ብለው አጥፍተው እንዳያርሙ እከለክላለሁ። ስህተቱ እዚያው ይቆይ። ከጎኑ የት ላይ እንደተሳሳቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። "ቸኩዬ ነው" የሚለው አይቆጠርም። "መቀነሱን ለሁለተኛው ቁጥር አላደረስኩም" ይቆጠራል። የመጨረሻው ቀን ላይ የሚያነቡት እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነው። ያን ቀን ማታ አዲስ ነገር አይነካም፤ በጊዜ ይተኛል።

ለፈተናው ሰዓት ደግሞ አንድ ልማድ አስለምዳቸዋለሁ። ከመሥራት በፊት መገመት። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ በአገር አቀፍ ምዘና ለ13 ዓመት ልጆች አንድ ጥያቄ ቀርቦ ነበር። 12/13 + 7/8 ወደ የትኛው ይጠጋል? ምርጫዎቹ 1፣ 2፣ 19 እና 21 ነበሩ። ሁለቱም ክፍልፋዮች ወደ 1 የቀረቡ ናቸው፤ መልሱ 2 ነው። ያገኘው 24 ፐርሰንቱ ብቻ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 19 ወይም 21 አሉ፤ ላዮቹን ወይም ታቾቹን ደምረው። መደመር ያቃተው የለም። የጎደለው ከመደመር በፊት ቁጥሮቹን ቀና ብሎ ማየት ነው።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስሌት በፊት በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ግምታቸውን በእርሳስ ይጽፋሉ። 19.8 × 5.1 ከሆነ 20 በ5፣ 100 አካባቢ። ከዚያ ይሠራሉ። 1009.8 ከወጣ ነጥቡ ቦታውን ስቷል ማለት ነው፤ 100.98 ከወጣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ማለፍ ይችላሉ።